ከዳሞታ ተራራ ሥር የቆመች የኤሌክትሪክ መኪና

ከወላይታ ሶዶ የሚነሳው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ይደርሳል። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ለኬንያ የምትሸጠው ኃይል የሚያልፈው በዚሁ መስመር ነው። ከሶዶ በስተምዕራብ፣ ኦሞ ወንዝ ወላይታን ከዳውሮ በሚለይበት ሸለቆ፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ቆሟል፤ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ቤንዚኑ ግን ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ፣ በረሃውን አቋርጦና ዳገቱን ወጥቶ ነው ሶዶ ማደያ የሚደርሰው። የደረሰ ቀን ሰልፉ አስፋልቱን ይዘጋል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሳስብ ቀድመው የሚታዩኝ እነዚህ ሁለት መንገዶች ናቸው፦ አንዱ ከጎረቤት ሸለቆ፣ ሌላው ከባሕር ማዶ።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ለኤሌክትሪክ መኪና የታክስ እፎይታ ተሰጥቶ ነበር፤ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ደግሞ ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን ተወሰነ። በሶዶ ጎዳና አሁንም ባጃጁ፣ ቪትዙና አይሱዙው ይበዛል። አዲስ መኪና ልግዛ የሚል ሰው ግን ዛሬ ምርጫው ወዴት እንደሚያደላ ያውቀዋል።

የጋራዥ ቋንቋችንን ያወረሰን ጣሊያን ነው፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታ፣ ማርሚታ። የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። የሚቃጠል ነገር ስለሌለ የሚለኩስ ካንዴላም፣ ጭስ የሚያስወጣ ማርሚታም አያስፈልጋትም። ሞተሩ ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ማርሽ መቀያየር ቀርቷል። ከወለሉ ሥር በመቶዎች ኪሎ የሚመዝን ባትሪ ተነጥፏል። ከባትሪው የሚወጣውን ቀጥተኛ ጅረት ኢንቨርተር የሚባለው ክፍል ወደ ተለዋዋጭ ጅረት ይቀይርና ሞተሩን ያዞራል። የሞተር ዘይት የለም፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ግን በብዙዎቹ አለ፤ እሱን መርሳት አይገባም።

ለተራራ ሀገር ሰው ትልቁ ነገር ያለው ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው። እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል፤ መኪናዋን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 አካባቢ። ከነተሳፋሪዎቿ ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና እነዚህን 700 ሜትሮች ለመውጣት፣ ለሜዳ ጉዞ ከሚወጣው በተጨማሪ፣ ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ትፈልጋለች። ይህ በሜዳ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ጉልበት ነው። ስትወርድ ሁሉም ባይሆን ከፊሉ ይመለሳል። ስለዚህ ሌሊቱን መቶ በመቶ ሞልቶ በማለዳ በአርባ ምንጭ መንገድ ወደ ሁምቦ መውረድ ብልህነት አይደለም፤ የሞላ ባትሪ የቁልቁለቱን ጉልበት የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ ሸክሙም ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ዘጠና በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል።

በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎ ዋት ሰዓት የምትበላ፣ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያላትን መኪና እንውሰድ። አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ደርሶ መልሱን መንገድ ላይ ሳትሞላ ትጨርሳለች። አዲስ አበባ ግን በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በስሌቱ ትደርሳለች፤ ከነቤተሰብ፣ ከነሻንጣ፣ ዳገቱና ዝናቡ ሲጨመር ግን በዚህ ስሌት ተማምኖ መውጣት አይመከርም። መስከረም ላይ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የት አርፎ እንደሚሞላ ቀድሞ በስልክ ይጠይቅ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ፈጣን የመሙያ ጣቢያዎችን የከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የደቡቡ መንገድም እንዲህ ያለ ጣቢያ ያስፈልገዋል፤ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የክልል መቀመጫ ናትና ጥያቄዋ ተገቢ ነው።

ለዕለት ኑሮ ግን ፈጣን ጣቢያ ሳይኖርም ይኖራል። ተራ የቤት ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎ ዋት ነው። ሲሞላ የሚባክነው ተቀንሶ በአንድ ሌሊት አሥር ሰዓት ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ይጠራቀማል። ሶዶ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሥራ ውሎ፣ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ሰው የዚህን ግማሽ አይነዳም። ከመኪናዋ ዋጋ በፊት መታየት ያለበት የቤቱ ሽቦ ነው። የቀጠነ ሽቦና የላላ ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ይግላል፤ ቤት የሚያቃጥለው ይኼ ነው። ብዙዎቹ ቻርጀሮች ደግሞ ኧርዝ ካላገኙ ቀይ መብራት አብርተው ሥራ ያቆማሉ። መሬት ውስጥ ዘንግ ያልተቀበረለት ቤት ብዙ ነውና ኤሌክትሪሺያኑ ከመኪናዋ ቀድሞ ይጠራ።

አንድ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል። በከተማው ጥግ የሚያልፈው ከፍተኛ መስመር ቤታችን አይገባም፤ የሚመግበን የመንደሩ ትራንስፎርመር ነው። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር ሥር አሥር ጎረቤቶች በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር አንድ ምሽት ቢሰኩ፣ ምጣዱ ሳይቆጠር 70 ኪሎ ዋት ሄደ ማለት ነው። እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት አሳልፎ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መሰካት መንደሩን ከመብራት መጥፋት ያድናል።

ወደ ቦሎ እንምጣ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ኤሌክትሪክ መሆን ከዚህ ነፃ አያወጣም። ሊብሬውና የሦስተኛ ወገን መድኑ እንደ ድሮው ናቸው። የጭስ ልኬት ይቀራል፤ ፍሬን፣ መብራት፣ መሪና ጎማ ይታያሉ። ፍሬኗ ዕድሜው ረጅም ነው ይባላል፣ እውነት ነው። ግን ሥራውን ሞተሩ ስለሚወስድበት ዲስኩ በክረምት ይዝጋል፤ በቁርጥ ቀን እንዳይከዳ አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ጎማ ደግሞ በክብደቷ ምክንያት ቶሎ ያልቃል። እኔ መርማሪ ብሆን ጎንበስ ብዬ ወለሏን ከሥር አያለሁ፤ በገጠሩ ኮረኮንች ድንጋይ የመታው የባትሪ ሽፋን ቀላል ጭረት ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው የተነዳችበትን ኪሎ ሜትር ብቻ አይይ። የባትሪው ጤና በመመርመሪያ መሣሪያ ስንት በመቶ እንደሚያሳይ ይጠይቅ፤ ብዙ አምራቾች ባትሪውን ለ8 ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጡታል፣ ከአምራቹ ወኪል ውጭ በሌላ መንገድ የገባች መኪና ላይ ግን ዋስትናውን እዚህ የሚያከብር ወኪል መኖሩ መጣራት አለበት። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 6 ያሉት ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ መሙያ ሶኬታቸው የቻይና ዓይነት ነው፤ የስክሪናቸው ጽሑፍም ብዙውን ጊዜ ቻይንኛ ነው። ለአውሮፓ ዓይነት የተሠራ ጣቢያ ላይ ያለ ማያያዣ አይሰኩም።

የሶዶ መካኒክ ሞተር ሲሰማ በሽታውን በጆሮው የሚለይ ባለሙያ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናዋ ግን አትጮህም፤ ከቦኔቷ ሥር የሚታዩት ብርቱካናማ ሽቦዎች በመቶዎች ቮልት የተሸከሙ ናቸው፣ መኪናዋ ከጠፋች በኋላም ለደቂቃዎች ኃይል ሊኖራቸው ይችላል። የኃይል ማለያያውን ቦታ ያልተማረ፣ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራ ጓንት የሌለው ሰው አይንካቸው። በከተማዋ አውቶሞቲቭ የሚያስተምሩ ተቋማት ይህን ትምህርት አሁን ቢጀምሩ፣ የመጀመሪያዋ የተጋጨች መኪና ተጎትታ ጋራዥ በር ላይ ስትቆም የሚቀበላት ሰው ይኖራል።