ኮርማውን የሚመርጠው ማን ነው?



በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ቅኝ ግዛቶች የምርጥ ድንጉላ ባለቤቶች የፈረሱን ስምና የትውልድ ሐረግ በጋዜጣ ያስነግሩ ነበር። ገበሬውም ባዝራውን ወስዶ፣ ከፍሎ ያስጠቃ ነበር። የዚህ ልማድ ቁም ነገር የሚወለደው ውርንጭላ አባት አስቀድሞ መታወቁ ነው።

በጣና ዳርቻ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ የሚረባው የፎገራ ከብት በወተቱና ረግረግን በመቋቋሙ ይታወቃል። በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተውና ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያውን ለመጠበቅና ለማሻሻል ይሠራል። ይሁን እንጂ በጋራ ግጦሽ ላይ አባትን የሚመርጥ የለም። ወይፈን የሚኮላሸው ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ካረሰ በኋላ ነው፤ እስከዚያው ከመንጋው ጋር እየዋለ ያገኛትን ላም ያጠቃል። ፈጥኖ ያደገው ደግሞ ቀድሞ ስለሚሸጥ፣ ዘር የሚተወው ገበያ ያልፈለገው ይሆናል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የፎገራ ላም በሌላ ዝርያ ኮርማ ብትጠቃ የጥጃዋ ፎገራነት 50 በመቶ ነው። ጊደሯም እንዲሁ ብትጠቃ 25፣ በሦስተኛው ትውልድ 12.5 በመቶ ይሆናል። ይህ ሁሉ በአንድ ገበሬ ዕድሜ ውስጥ ይፈጸማል።

ስለዚህ ምርጥ ኮርማ ማቅረብ ብቻውን አይበቃም። መንደሩ ተስማምቶ ኮርማውን ይምረጥ፤ የቀሩትን ወይፈኖች በጊዜ ያኮላሽ፤ የኮርማው ሴት ልጆች ለመጠቃት ሳይደርሱም ከሌላ መንደር ኮርማ ጋር ይለዋወጥ። ዝርያ የሚጠበቀው በማዕከሉ በረት ብቻ ሳይሆን በግጦሹ ላይ በሚደረግ ስምምነት ነው።