የአሮጌ አይሱዙ ዋጋ ለምን አልወርድ አለ? ለኩንታሉ ማጓጓዣስ ምን ያመጣል?

ዛሬ የበቆሎና የድንች ዋጋ ሳይሆን የሚያመላልሳቸውን መኪና እናያለን። ከእንጅባራና ከዳንግላ "ያገለገለ አይሱዙ ብገዛ ያዋጣኛል ወይስ ተከራይቼ ልጫን?" የሚል ጥያቄ በርከት ብሎ ደርሶናል።

መጀመሪያ ዋጋው። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል፤ እኛ ጋ ግን አሥር ዓመት የነዱትን መኪና ከገዙበት አስበልጦ መሸጥ የተለመደ ነው። የካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186/2012) ከውጭ በሚገባ ያገለገለ ተሽከርካሪ ላይ ታክሱን ከፍ አደረገ፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥርም ጫናው ይብሳል። ጥር 2016 ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲመራ ተለቀቀ። እገዳው ስለ አውቶሞቢል ቢሆንም ታክሱና ምንዛሪው የጭነት መኪናውንም ነክተውታል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና ተፈላጊ ሆነ። ግን "መኪናዬ አተረፈልኝ" የሚለውን ስሌት ጠንቀቅ በሉ፤ በአብዛኛው የወጣው መኪናው ሳይሆን የወረደው ብሩ ነው። ሸጣችሁ ተመሳሳዩን መልሳችሁ መግዛት ካልቻላችሁ ትርፉ የት አለ?

የድሮ መኪና ወዳጆች የራሳቸው ክርክር አላቸው። የቮልስ አፍቃሪ ራዲያተር የሌለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል ይላችኋል። የቀድሞ ሹፌሮች ስለ ፊያት ኤንትሬ ሲያወሩ ስለ ዘመድ የሚያወሩ ይመስላል። ናፍቆት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ግን ልክ አይደለም፤ ውስጡ እውነት አለ። ባለ ሜካኒካል ፖምፓው የቆየ ኤንፒአር ሞተር ቲሊሊ ላይ ቢቆም የሰፈሩ መካኒክ ፈትቶ ይሠራዋል። ኮመን ሬይሉ ግን ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ በጀሪካን የተገዛ ቆሻሻ ናፍጣ ደግሞ ኢንጀክተሩን ቶሎ ይበላዋል። በዚህ በኩል ለአሮጌው እንፈርዳለን። "የድሮ ብረት አይሞትም" የሚለውን ግን አንቀበልም። ሻንሲ ይሰነጠቃል፣ ባሌስትራ ይደክማል፣ አባይ በረሃ ላይ ፍሬን ይግላል።

አሁን ወደ ኩንታሉ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኩበት። አይሱዙው በአንድ ጉዞ 50 ኩንታል ይጭናል እንበል። በወር 6 ጉዞ ከሄደ 300 ኩንታል ነው። አሮጌው በወር 40,000 ብር ጥገና ቢበላ በኩንታል 133 ብር ይደርሳል። አዲስ ቀመሱ ጥገናው 15,000 ብቻ ነው፤ ግን ዋጋው በ2 ሚሊዮን ይበልጣል። የዚያ ገንዘብ ወለድ በ18 በመቶ ሲሰላ በወር 30,000 ነው። ድምሩ 45,000፣ በኩንታል 150 ብር። አሮጌው አሸነፈ።

ጉዞው ወደ 10 ሲያድግ ነገሩ ይገለበጣል። 500 ኩንታል ሆነ። የአሮጌው ጥገና ወደ 60,000 ቢወጣ በኩንታል 120 ብር ነው። የአዲስ ቀመሱ ጥገና 20,000 ቢሆን ከወለዱ ጋር 50,000፣ በኩንታል 100 ብር። እንግዲህ ጉዳዩ ያለው "አሮጌ ይሻላል፣ አዲስ ይሻላል" ላይ ሳይሆን በወር ስንት ጊዜ ትጭናላችሁ ላይ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ወር ብቻ ጭነት ያለው ማኅበር ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ቢከራይ ይሻለዋል፤ መኪናው ቆሞም ወለድ ይቆጥራልና።

የምትጭኑት ነገርም ይወስናል። የዲከረንስ ከሰል መንገድ ላይ ሁለት ቀን ቢያድር ከሰል ነው። የባንጃ ድንች ግን ሸራ ስር ሁለት ቀን ከዋለ ተረካቢው ዋጋ ይቆርጥባችኋል። ድንች የምትጭኑ የብልሽት ቀኑን ኪሳራ ከላይ ባለው ስሌት ላይ ደምሩ፤ አሮጌው ቶሎ ይሸነፋል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ሙከራውን ከተማ ውስጥ አትጨርሱት። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ጭናችሁ ውረዱ፣ መልሳችሁም ውጡ። ቁልቁለቱ ፍሬኑን፣ ዳገቱ ራዲያተሩንና ፍሪሲዮኑን ይነግራችኋል። እንጅባራ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አትደንግጡ፤ አየሩ ሳስቶ ነው። ሰማያዊ ጭስ ካያችሁ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፣ የማሳደሻውን ዋጋ ቀንሱበት። መካኒኩን ሻጩ ወይም ደላላው አይምረጥላችሁ።

ወረቀቱ ከሞተሩ በላይ ሰው ያከስራል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ፤ ቦሎውን እዩ፤ የባንክ እዳና የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት አጣሩ። በውክልና ላይ ውክልና እየተላለፈ የመጣ መኪና ርካሽ የሚመስለው በምክንያት ነው። ወካዩ ውክልናውን ቢሽር ወይም ቢሞት በእጃችሁ የሚቀረው ቁልፉ ብቻ ነው። ስም ሳይዞር ሙሉ ክፍያ አትክፈሉ፤ ሻጩ የቱንም ያህል የታመነ ሰው ቢሆን።

የራሳችሁን የጉዞና የጥገና ቁጥር በውስጥ መስመር ላኩልን፣ በኩንታል ስንት እንደሚመጣ አብረን እናሰላዋለን። የነገው የዳንግላ የበቆሎ ዋጋ እንደወትሮው ጠዋት ይለቀቃል።