የገላጣ ሥፍራ ሙዚየምና የገጠር ቤት አሠራር ሙያ

በሕንፃ ውስጥ የሚደራጅ ሙዚየም ዕቃን ከአገልግሎቱ ለይቶ በመስተዋት ሣጥን ያስቀምጣል። በገላጣ ሥፍራ የሚቋቋም ሙዚየም ግን ቤቱን ከነጓዳው፣ ከነበረቱና ከነጎተራው በአንድነት ስለሚያሳይ፣ ተመልካቹ የአኗኗሩን ሥርዐት ጭምር እንዲረዳ ያስችላል። ለዚህ ዓይነቱ ተቋም ፈር ቀዳጅ የሆነው አርቱር ሃሴሊዩስ በ1891 (እ.ኤ.አ.) በስቶክሆልም የከፈተው ስካንሰን ነው። በዚያም ልዩ ልዩ የገጠር ቤቶች ከየቦታቸው ፈርሰውና ተጓጉዘው እንደገና ተተክለዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ ለሁሉም ቤት አይስማማም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ሲሠራ የኖረው ጎጆ፣ ግድግዳው እንጨት ተተክሎና በማገር ተያይዞ፣ ከጭድ ጋር በቦካ ጭቃ የሚመረግ ነው። የግንድ ቤት ተፈታትቶ ሊገጠም ሲችል፣ የጭቃው ምርጊት ግን ሲነቀል ይፈራርሳል፤ የሣር ክዳኑም በየጊዜው መታደስ ይኖርበታል። ስለዚህ ጎጆን ማዛወር ማለት አዲስ መሥራት ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ በቅድሚያ ሊጠበቅ የሚገባው ምሰሶውና ወጋግራው ሳይሆን፣ እንጨቱን የሚመርጠው፣ ጭቃውን የሚያቦካውና ክዳኑን የሚከድነው ሰው ዕውቀት ነው።

በአገራችን ለዚህ አብነት የሚሆነው ኮንሶ ነው። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሥፍራ፣ ነዋሪው ራሱ ቤቱንና እርከኑን እየጠገነ ስለሚኖርበት ሙያው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። በእንጦጦ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተጠብቆ ቢቆይም፣ የንጉሥ መኖሪያ እንጂ የገበሬን ጎጆ አያሳይም። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ የእርሻውና የግጦሹ መሬት ወደ መኖሪያና ፋብሪካ ሲለወጥ፣ የክዳን ሣር የሚበቅልበት ሥፍራም አብሮ ይጠፋል።

በመሆኑም መምህራን ሊፈጽሙት የሚችሉት ተግባር አለ። ተማሪዎች በአካባቢያቸው የቀሩትን ጎጆዎች እንዲለኩ፣ ንድፍ እንዲያነሡ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ስም በኦሮምኛና በአማርኛ እንዲመዘግቡ፣ ከአረጋውያን ቤት ሠሪዎችም የሥራውን ቅደም ተከተል ጠይቀው እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። የፕላን ባለሙያዎች በበኩላቸው ለሙዚየም ቦታ ሲከልሉ፣ ከቤቶቹ መትከያ ሌላ የክዳን ሣር የሚበቅልበትን መስክ ጭምር ሊያስቡ ይገባል። ሣሩና ከዳኙ ከሌሉ የተተከለው ጎጆ ክዳኑ ባረጀ ጊዜ የሚያድሰው አያገኝም።