ባዶ ኦብጀክት ለምን ባዶ አይደለም?

በጃቫስክሪፕት አንድ ባዶ ኦብጀክት ፍጠሩ፤ ከፋችና ዘጊ ጥምዝ ቅንፍ ብቻ፣ መሀላቸው ምንም የሌለበት። ቀጥሎ በ«ኢን» ኦፐሬተር «ቱስትሪንግ የሚባል ፕሮፐርቲ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አዎ» ነው። አልዋሸም፤ የጠየቃችሁት ሌላ፣ የፈለጋችሁት ሌላ ሆኖ ነው።

እያንዳንዱ ኦብጀክት ማለት ይቻላል ከሌላ ኦብጀክት ጋር የሚያገናኘው ስውር ማያያዣ አለው። ያ ሌላው ፕሮቶታይፑ ይባላል። ፕሮፐርቲ ስታነቡ ፍለጋው ከኦብጀክቱ ከራሱ ይጀምራል፤ ከታጣ ወደ ፕሮቶታይፑ፣ እዚያም ከታጣ ወደ ፕሮቶታይፑ ፕሮቶታይፕ ይወጣል፤ ሰንሰለቱ ነል ላይ ደርሶ እስኪያልቅ። ቱስትሪንግ የሚኖረው ተራ ኦብጀክቶች ሁሉ በሚጋሩት በ«ኦብጀክት ዶት ፕሮቶታይፕ» ላይ ነው።

ጎረቤት መጥታ «ወንፊት አላችሁ?» ብትል፣ የእናታችሁ ቤት አጥር ለአጥር ከሆነ «አለ» ብላችሁ ከዚያ ታመጣላችሁ። ዱቄቷን ለመንፋት ይህ መልስ ይበቃታል። የቤታችሁን ዕቃ ሊመዘግብ የመጣ ሰው ግን በዚያው መልስ የሌላችሁን ንብረት ይጽፍላችኋል። «ኢን» የሚመልሰው ለጎረቤቷ ነው።

መዝጋቢው የሚሳሳትበትን ቦታ እንይ። የአንድ ጽሑፍ ቃላት ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፋችሁ እንበል፦ ቃሉ ኦብጀክቱ ውስጥ ካለ 1 ጨምር፣ ከሌለ ከ1 ጀምር። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መሀል «ኮንስትራክተር» የሚለው ቃል ሲመጣ፣ ገና ያልተቆጠረ ሆኖ ሳለ፣ «አለ» ይባላል። የተገኘው ግን ቁጥር ሳይሆን ከላይ የተወረሰ ፋንክሽን ነው። ፋንክሽን ላይ 1 ሲደመር ፋንክሽኑ ወደ ጽሑፍ ይለወጥና 1 ጭራው ላይ ይቀጠላል። በአማርኛ ጽሑፍ ብቻ ብትሞክሩት ስህተቱ ፈጽሞ አይታይም፤ ላይኛው ፕሮቶታይፕ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም አልያዘምና።

«እሴቱ አንዲፋይንድ ነው ወይ?» ብሎ ማጣራትም አያድንም። ፍለጋው ያው ሰንሰለቱን ይወጣል፤ በዚያ ላይ ፕሮፐርቲው ኖሮ እሴቱ አንዲፋይንድ ሊሆን ይችላል።

መጻፍ ከማንበብ ይለያል። በተለመደው ሁኔታ አዲስ እሴት የሚቀመጠው እዚያው ኦብጀክቱ ላይ ነው፤ የተወረሰው ከላይ እንዳለ ይቆያል፣ ይጋረዳል እንጂ አይለወጥም። ፕሮቶታይፑ ላይ ያለ አሬይ ውስጥ ነገር መጨመር ግን አሬዩን አንብቦ መነካካት ስለሆነ ወራሾቹን ሁሉ ያዳርሳል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይህ የፕሮቶታይፕ አሠራር ብሬንዳን አይክ በ1995 ኔትስኬፕ ውስጥ ቋንቋውን በአሥር ቀን ሲያረቅ ሰልፍ ከተባለ ቋንቋ የወሰደው ነው። በ2015 የመጣው «ክላስ» የአጻጻፉን መልክ አሳመረ እንጂ ከስሩ ያለው ያው ሰንሰለት ነው።

«የራሱ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው «ሃዝ ኦውን ፕሮፐርቲ» ነው። እሱ ግን ራሱ ከላይኛው ፕሮቶታይፕ የሚወረስ ሜተድ ነው! ኦብጀክቱ በዚያው ስም የራሱን ፕሮፐርቲ ከያዘ ወይም ያለ ፕሮቶታይፕ ከተፈጠረ ጥያቄው ይከሽፋል። ስለዚህ በ2022ቱ የቋንቋው ደንብ «ኦብጀክት ዶት ሃዝ ኦውን» ተጨመረ፤ ይህኛው ጥያቄውን በተጠያቂው ኦብጀክት በኩል አያሳልፍም።

አዲስ ኮድ ስትጽፉ ይህንኑ ተጠቀሙ። ቃላት ለመቁጠር ከሆነ ደግሞ ኦብጀክቱን ተዉትና «ማፕ» ያዙ።