የሠላሳ ደቂቃው ፋይል

ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም 20 ጊጋባይት የሚሆን የዓመቱን ሒሳብ ወደ ቢሮው ሰርቨር ኮፒ እያደረጉ ነው። የአንደኛው ስክሪን 3 ደቂቃ ቀረ ይላል፤ የሌላው 30። በሁለተኛው ፊት የተቀመጠችው የሒሳብ ሠራተኛ «ወንድሜ፣ እባክህ ኢንተርኔቱን አስተካክልልኝ፤ ዛሬ እኮ ሪፖርት አለብኝ» አለችኝ።

ኔትወርክ ስጠግን በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን አቤቱታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ፋይሉ ግን ኢንተርኔት የሚባለውን ነገር ጨርሶ አይነካም። ከጠረጴዛዋ ተነሥቶ፣ በግድግዳው በተዘረጋው ገመድ አልፎ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ገመዶቹ የሚገናኙበት ስዊች ጋ ይደርስና ወደ ሰርቨሩ ይገባል። ከሕንጻው አይወጣም። ሆኖም ብዙ መሥሪያ ቤት ፋይል ዘገየ በተባለ ቁጥር የኢንተርኔት ፓኬጁን ያሳድጋል። በየወሩ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፈላል፣ ፋይሉም እንደዘገየ ይቀራል። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል፤ ችግሩ ያለበትን ቦታ ቁጥሩ ራሱ ይናገራልና።

3 እና 30፤ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በቢት፣ የፋይል መጠን የሚነገረው በባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። ለአድራሻና ለቁጥጥር የሚውለው ሲቀነስ በእጅ የሚገባው 11 ገደማ ነው። 20 ጊጋባይት በዚህ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መስመሩ 1 ጊጋቢት ከሆነ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያልፋል፣ ሥራውም በሦስት ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ የእሷ ኮምፒውተር፣ ስዊቹም ሰርቨሩም ጊጋቢት ሆነው ሳለ፣ በ100 እየሄደ ነበር። ዊንዶውስ ላይ የኔትወርኩን ሁኔታ ብትከፍቱ ይህ ፍጥነት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የእሷን ከፈትኩት፤ 100 ይላል።

ቀጥሎ ወደ ገመዱ ነው የሚኬደው። የኔትወርክ ገመድ ልባሱ ሲገለጥ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ፣ እያንዳንዱ ነጭ ከተቀላቀለበት ጓደኛው ጋር ተጠማዝዞ። መጠማዘዛቸው ለጌጥ አይደለም፤ ከውጭ የሚገባው የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካቸው፣ ተቀባዩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ሲያነብ ረብሻው ይጣፋል። የ100 ሜጋቢት ግንኙነት ከአራቱ ጥንዶች ሁለቱ ይበቁታል። ጊጋቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ለ100 ከማያስፈልጉት ሽቦዎች አንዷ ብትበጠስ፣ ብዙ መሣሪያዎች ጊጋቢቱን ሞክረው ሲያቅታቸው በሚችሉት በ100 ይቀጥላሉ። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቀይ ምልክት የለም። ኢሜይሉ ይገባል፣ ገጹ ይከፈታል፤ ትልቅ ፋይል እስኪመጣ ድረስ ማንም አያውቅም።

ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመዱን በጣቴ ተከተልኩት። የፋይል መደርደሪያው እግር ቆሞበታል። የተጫነበት ቦታ ተጠፍጥፏል፤ ልባሱን በምላጭ ስገልጠው ቡናማዋ ሽቦ ተበጥሳለች። በሌላ ገመድ ቀየርኩት። ያው ፋይል፣ ያው ኮምፒውተር፣ ሦስት ደቂቃ።

ሁሉም መዘግየት ግን ከገመድ አይመጣም። ፋይል ባንድ ላይ ተጠቅልሎ አይሄድም፤ ፓኬት በሚባሉ፣ በተለምዶ ከ1,500 ባይት በማይበልጡ ቁራጮች ይከፈላል። ያ የ20 ጊጋባይት ሒሳብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ቁራጭ ነው። ተቀባዩ «ደርሶኛል» እያለ ይመልሳል። መልሱ ሲቀር ላኪው መንገዱ ተጨናንቋል ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ ጨዋነት የመጣው ከአንድ ክፉ አጋጣሚ ነው። በጥቅምት 1986 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው መስመር፣ ርቀቱ 400 ያርድ ያህል ሆኖ ሳለ፣ በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ኮምፒውተሮቹ መልስ ሲያጡ ደግመው ደጋግመው ስለላኩ መንገዱን ይብስ ዘጉት። ቫን ጃኮብሰን ይህን መርምሮ በ1988 እ.ኤ.አ. መፍትሔውን አሳተመ፤ በትንሹ ጀምር፣ ካለፈልህ ጨምር፣ ከጠፋብህ ቀንስ። ዛሬም ኮምፒውተሮቻችን የሚመሩት ከዚያ በተወለዱ ደንቦች ነው። ከመቶ ፓኬት አንድ ሁለቱን የሚጥል የላላ ሶኬት ቢሮውን ከሚገባው በላይ የሚጎትተውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ላኪው በእያንዳንዱ ጠፊ ፓኬት ራሱን እየገታ ይሄዳል።

ቅርንጫፉ ሩቅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይገባል። ልጅ ሱቅ ስትልኩ አንዴ ለጨው፣ ተመልሶ ለስኳር፣ ተመልሶ ለክብሪት ብትሉት፣ ጊዜውን የሚበላው ምልልሱ ነው፤ መንገዱን ብታሰፉለት አይጠቅመውም። በድሮው አሠራር ላኪው መልስ ሳያገኝ ከ65,535 ባይት በላይ መላክ አይችልም ነበር። ደርሶ መልሱ 100 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ በሰከንድ አሥር ዙር ብቻ ይኖራል፤ ይህም 5 ሜጋቢት ያህል ነው። መስመሩ 100 ሜጋቢት ቢሆንም ያው 5። ጣሪያውን የሚያነሣ ስምምነት በ1992 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ የዛሬ ኮምፒውተሮችም በራሳቸው ይጠቀሙበታል። በትናንሽ ፋይሎች ላይ ግን ምልልሱ አሁንም አለ። አሥር ሺህ የደረሰኝ ፎቶ ስትልኩ እያንዳንዱ ለብቻው ይከፈታል፣ ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ይጻፋል፣ ይዘጋል፤ አንቲቫይረሱም አንድ በአንድ ይፈትሸዋል። በአንድ ዚፕ አሥራችሁ ላኩት። ልጁን በአንድ ዘንቢል እንደ መላክ ነው።

ዋይፋይም አየሩን ለሁሉም ያካፍላል፤ ትልቅ ፋይል ያለበት ሰው ገመድ ይሰካ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ሰርቨርም አምስት ሰው ባንዴ ሲጠይቀው የማንበቢያ ክንዱ ከወዲያ ወዲህ እየዘለለ ይደክማል። ባክአፕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የሚጀምርበት ቢሮ ካለ፣ ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ማዛወር ምንም ወጪ የለውም፤ ሠራተኛው ግን ያንኑ ቀን ልዩነቱን ያየዋል።

ቢሮው ጸጥ ባለበት ሰዓት አንድ ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ስንት ሜጋባይት በሰከንድ እንደሄደ ብትጽፉ፣ ቅሬታ ሲመጣ የምታስተያዩበት ቁጥር ይኖራችኋል። እኔ ያን ቀን 112 ብዬ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ የሒሳብ ሠራተኛዋ ስክሪን ጠርዝ ላይ ለጠፍኩት። የተበላሸውን ገመድ ደግሞ መሀሉን ቆርጬ ጣልኩት። ከውጭ ሲያዩት ደህና ስለሚመስል፣ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ነገ ሌላ ሰው አንሥቶ ሊሰካው ይችል ነበር።