የተዘጋ የድንጋይ ካባ በክረምት የሚለቀው አፈር እንዴት ይገመታል

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቢገናኙም በከፍታ በብዙ መቶ ሜትር የሚለያዩ ከተሞች ናቸው። ከደጋው ተዳፋት የተነሣ ጎርፍ የቦርከናን ተፋሰስ ተከትሎ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ሲወርድ፣ ይዞት የሚመጣው አፈር ቦዩን ይደፍናል፤ የመጋዘን ደጃፍንም በደለል ይሞላል። ድንጋይ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ የወጣበት ካባ ሥራው አልቆ ጕድጓዱ ሲሞላ፣ አፈር ሲለብስና ሣር ሲዘራበት «አገገመ» ይባላል። ቦታውን የሚረከብም ሆነ ከበታቹ ሱቅ ያለው ነጋዴ ግን በስሙ ብቻ ሊረካ አይገባውም። መሬቱ ካልተነካው ጎረቤቱ ጋር ሲመዛዘን ስንት ኩንታል አፈር እንደሚለቅ መጠየቅ አለበት።

ለዚህ ግምት የሚያገለግለው ስሌት በአሜሪካ ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ ሊቃውንት በ1965 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያሳተሙት ነው። የዝናቡ ኀይል፣ የአፈሩ ዐይነት፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ ቁልቁለቱ፣ የዕፅዋቱ ሽፋንና የጥበቃው ሥራ እያንዳንዳቸው በቍጥር ተገልጠው እርስ በርሳቸው ይባዛሉ። ቍጥሮቹን ለኢትዮጵያ ያስማሙት የስዊስ ተወላጁ ሃንስ ሁርኒ ናቸው። ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ጣቢያ በ1981 (እ.ኤ.አ.) የከፈተው ከደሴ በስተደቡብ በማይባር ነበርና። በዚያም ከማሳ የሚወርደው ውሃና ደለል በየዝናቡ እየተጠራቀመ ይለካ ነበር።

ለምሳሌ ያህል 1,200 ሚሊ ሜትር ዓመታዊ ዝናብ፣ ቀይ አፈር፣ 40 ሜትር ርዝመትና በመቶ 20 ቁልቁለት ያለው ቦታ ይወሰድ። በሁርኒ ሰንጠረዥ የዝናቡ ቍጥር 666፣ የአፈሩ 0.25፣ የርዝመቱ 1.4፣ የቁልቁለቱ 2.2 ነው። እነዚህ ሲባዙ 513 ይሆናሉ። ጥቅጥቅ ያለ ሣር የለበሰው ያልተነካ መሬት ሽፋኑ 0.01 ስለሆነ፣ በሄክታር በዓመት 5 ቶን፣ ማለት 50 ኩንታል ያህል ይለቃል። ሣሩ የሳሳ ከሆነ (0.05) 256 ኩንታል ይደርሳል። አዲስ የተደለደለና ገና ያልበቀለበት ካባ፣ እንደ ታረሰ ባዶ መሬት (0.60) ቢቈጠር፣ ከ3,000 ኩንታል ያልፋል፤ ይህም ባለ 400 ኩንታል ተሳቢ መኪና ስምንት ጊዜ ያህል የሚያመላልሰው ጭነት ነው። ዝናቡና ቁልቁለቱ አንድ ሆነው ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ሽፋኑ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ የብዙ ዓመት አማካይ እንጂ የአንድ ክረምት ዋጋ አይደለም። በስሱ የሚታጠበውንና ትንንሽ ፈሰሶች የሚወስዱትን እንጂ ትልልቅ ቦረቦርን አይቈጥርም። የካባ ሙሌት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ማሽን የረገጠው ውሃ አያሰርግም፤ ቅርጹን ያጣውም በቀላሉ ይፈርሳል። ስለዚህ የጎረቤቱን የአፈር ቍጥር ለሙሌቱ እንዳለ መስጠት ኪሳራን አሳንሶ ማየት ነው።

ግምቱን በሜዳ ላይ ለመፈተን የብረት ካስማ ተክሎ፣ በየጊዜው ከመሬት በላይ የቀረውን ርዝመት መለካት የተለመደ ነው። በሄክታር ላይ የ1 ሚሊ ሜትር መቀነስ 10 ሜትር ኩብ፣ በክብደትም 12 ቶን ያህል ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። አዲስ ሙሌት በራሱ ክብደት ይሰጥማል፤ አንድ እፍኝ አፈር ሳይሄድ ካስማው ብዙ አፈር እንደታጠበ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከተዳፋቱ ግርጌ የደለል ጕድጓድ ቈፍሮ፣ የተጠራቀመውን በባልዲ ሰፍሮ መመዝገብ ይበልጥ የታመነ ነው። በጎረቤቱ ባልተነካ መሬት ላይም ተመሳሳይ ቁልቁለትና ርዝመት ተመርጦ፣ በዚያው ዝናብ ይኸው ሥራ ካልተሠራ ማወዳደሪያ አይገኝም።

ወሎ የበልግ ዝናብ ማግኘቱ ጠቃሚ ነው። ሣሩ በበልግ ከተዘራና ዝናቡ ካልጎደለ እስከ ሐምሌ ሥር ይሰዳል። ወደ ክረምት መግቢያ የተዘራ ግን ዘሩም አብሮ ይወርዳል። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚያዞር ቦይ ከመደልደሉ በፊት ይቈፈራል፤ ተገፍፎ የተከመረው የላይ አፈርም ከጠጠሩ ጋር ሳይደባለቅ ተጠብቆ መጨረሻ ላይ ይለብሳል። ቦታውን የሚገዛ ወይም የሚከራይ ሰው ከክፍያው ጥቂቱን ሁለት ክረምት እስኪያልፍ አቈይቶ፣ ቀሪው የሚከፈለው በደለል ጕድጓዱ መዝገብ መሠረት እንዲሆን በውሉ ላይ ቢያስገባ ይሻለዋል።