የአገር መሪ በፓርላሜንታዊና በፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት እንዴት ይመረጣል?

በጠቅላላ ምርጫ ዕለት በደብረ ታቦር ከተማ፣ በፋርጣ ወይም በላይ ጋይንት ወረዳ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሄድ መራጭ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ይሰጡታል። አንደኛው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ለአማራ ክልል ምክር ቤት የሚወዳደሩ ዕጩዎች የተዘረዘሩበት ነው። በሁለቱም ላይ «ለጠቅላይ ሚኒስትርነት» ወይም «ለፕሬዚዳንትነት» የሚል ርዕስ አይገኝም። ይሁን እንጂ መራጩ በዚያ ዕለት በወረቀቱ ላይ የሚያኖረው ምልክት የአካባቢውን ተወካይ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱንም መሪ ለመወሰን ድርሻ አለው።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 የአገሪቱ ሥርዓተ መንግሥት ፓርላሜንታዊ እንዲሆን ደንግጓል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ ቁጥራቸው ከ550 ሳይበልጥ፣ በየምርጫ ክልላቸው አብላጫ ድምፅ በማግኘት ለ5 ዓመት ይመረጣሉ። በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ የፖለቲካ ድርጅት ወይም ጣምራ ድርጅት የመንግሥት ሥልጣን ይይዛል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም በአንቀጽ 73 መሠረት ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። ሚኒስትሮችን ከምክር ቤቱ ውጭ ዕጩ አድርጎ ማቅረብ ይቻላል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን ግን አስቀድሞ በአንድ የምርጫ ክልል ተወዳድሮ ማሸነፍ ግድ ነው። ስለዚህ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የሚያገኙት እርሱ የተወዳደረበት የምርጫ ክልል ነዋሪዎች ብቻ ናቸው። የደብረ ታቦር መራጭ በዚህ ምርጫ የሚሳተፈው በላከው ተወካይ በኩል ነው።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይታለፋል። ሕዝቡ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሳይመለስ የአገር መሪ ሊለወጥ ይችላል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. በምክር ቤቱ ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። አቶ ኃይለማርያም የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የሥራ መልቀቂያ ማቅረባቸውን ካሳወቁ በኋላም ዶክተር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ሥልጣን ተረክበዋል። በሁለቱም ጊዜ ጠቅላላ ምርጫ አልተካሄደም። በ2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ድምፅ ከመስጠቱ ቀደም ብሎ ወሳኙ ምርጫ የተከናወነው 180 አባላት በነበሩት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ውስጥ ነበር። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም፤ የፓርላሜንታዊ ሥርዓት አገር በሆነችው በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 በአንድ የምርጫ ዘመን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራርቀዋል። በመሆኑም በፓርላሜንታዊ ሥርዓት አንድ ፓርቲ መሪውን በምን አኳኋን እንደሚመርጥና እንደሚያነሣ የፓርቲው የውስጥ ጉዳይ ተደርጎ ብቻ ሊታይ አይገባውም።

በፓርላሜንታዊ ሥርዓት ርዕሰ ብሔርነትና ርዕሰ መንግሥትነት ለሁለት ሰዎች የተከፈሉ መሆናቸው ለብዙዎች ግራ ያጋባል። የደብረ ታቦር ሕዝብ ግን ክብርና ሥልጣን በሁለት ስፍራ ሲቀመጡ በታሪኩ አይቷል። በዘመነ መሳፍንት ዘውዱ በጎንደር ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ ሥልጣኑ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ በነበረችው በደብረ ታቦር ነበር። ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት ከተማ እስከ ራስ ዓሊ ዘመን ድረስ ንጉሥ የሚሾምባትና የሚሻርባት ሆና ቆይታለች። ያ ሥርዓት ያበቃው በምርጫ አልነበረም፤ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል ጦርነት ድል ነሥተው፣ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ነው። የዛሬው ክፍፍል ከዚያ የሚለየው ወሰኑ በጽሑፍ የተደነገገና የሁለቱም የሥራ ዘመን የታወቀ በመሆኑ ነው። ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ሆኖ ቀርቦ፣ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለ6 ዓመት ይመረጣል፤ ከሁለት ጊዜ በላይም አይመረጥም። አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረጡት በዚሁ አግባብ ነው። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን ሕገ መንግሥቱ የምርጫ ዘመን ቁጥር ገደብ አላስቀመጠም፤ የሥራ ዘመኑ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ነው።

በፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት መራጩ ለመሪው የሚሰጠው ድምፅ ለተወካዩ ከሚሰጠው የተለየ ነው። በጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት ተወዳዳሪው ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ማግኘት፣ በተጨማሪም ከ47ቱ ካውንቲዎች ከግማሽ በሚበልጡት ቢያንስ 25 በመቶ ድምፅ ማግኘት አለበት። ሁለተኛው መስፈርት የተጨመረው በአንድ አካባቢ ድጋፍ ብቻ የአገር መሪ እንዳይኮን ነው፤ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ለሚኖሩባት አገር ሊጤን የሚገባው ድንጋጌ ነው። በአሜሪካ ደግሞ የመጨረሻው ውሳኔ ከ538 መራጭ ወኪሎች ቢያንስ የ270ዎቹን ድምፅ ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 ከሕዝብ የተገኘው ድምፅ ያነሰው ተወዳዳሪ ፕሬዚዳንት ሆኗል። በቀጥታ የተመረጠ ፕሬዚዳንት የተወሰነ የሥራ ዘመን ስላለው በፓርቲው ውስጥ ድጋፍ ቢያጣ እንኳ በቀላሉ አይነሣም፤ በአንጻሩ ምክር ቤቱ በተቃዋሚዎች እጅ ከሆነ ሕግና በጀት ማጽደቅ ሊቸገር ይችላል።

መጠሪያው ብቻውን የሥርዓቱን ዓይነት አያሳይም። የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በብሔራዊ ምክር ቤቱ እንጂ በቀጥታ በሕዝብ አይደለም። በኢትዮጵያም በ1979 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት ከፍተኛ ሥልጣን የነበረውን ፕሬዚዳንት የመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ ነበር።

ሁለተኛው የድምፅ መስጫ ወረቀትም በክልሉ ብቻ የሚቀር አይደለም። የአማራ ክልል ምክር ቤት ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል፤ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚላኩ አባላትም የሚመረጡት በክልል ምክር ቤት ወይም ምክር ቤቱ በሚያስደርገው የሕዝብ ምርጫ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ደግሞ በጋራው ስብሰባ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ ይሰጣሉ። ስለሆነም ለዕጩ ተወዳዳሪ በጉና ግርጌ ስላለው መንገድና ትምህርት ቤት ጥያቄ የሚያቀርብ መራጭ፣ ፓርቲው ቢያሸንፍ ማንን ለጠቅላይ ሚኒስትርነት እንደሚያቀርብና መሪው በመካከል ቢለወጥ ተወካዩ ድምፁን በምን መመዘኛ እንደሚሰጥም አክሎ ሊጠይቅ ይችላል።